ራምላ አሊ፦ የስደተኛዋ ልጅና የቡጢ እንጀራዋ

በዚህ ሳምንት የምናቀርብላችሁ የአንዲት ቦክሰኛ ታሪክ ነው። ስሟ ራምላ አሊ ይባላል። የተወለደችው ሞቃዲሾ ነው። ያደገችው ለንደን ነው። ቦክስን በልጅነቷ ጀመረች፤ ኋላም መተዳደሪያዋ አደረገችው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ስንት ቦክሰኛ እያለ ለምን እሷን መረጣችሁ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ምክንያቱ ቅርብ ነው። በ1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ሶማሊያ በጦርነት ታመሰች። ሕዝቡ ነፍሱን ለማዳን በየአቅጣጫው ሸሸ። ወደ እኛ አገር ከመጣው ከፊሉ ቀብሪበያህ ሰፈረ። ከዚያም በፊት በ1988 ሐርጌሳና ቡርኦ ሲደበደቡ የሸሸው ሕዝብ ሐርትሼክ ሰፍሮ ነበር። የሐርትሼክ ጣቢያ በዘመኑ ከዓለም የስደተኛ ጣቢያዎች ትልቁ እስከ መባል ደርሶ በ2004 ተዘጋ። የአውበሬ ጣቢያ በ2007፣ የሸደር ደግሞ በ2008 ተከፈቱ። እንግዲህ ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ላለ ሰው ስደት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዱ ራሱ ተሰዷል፤ ሌላው የተሰደደ ዘመዱን ቤቱ አስጠግቷል። የራምላ ቤተሰብም የሸሸው ከዚያው እሳት ነው። የእነሱ መንገድ ግን ወደ ደቡብ፣ በባሕር ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራምላ ገና ሕፃን ሳለች የ12 ዓመት ወንድሟ ከቤታቸው ደጅ ሲጫወት የሞርታር ጥይት ወደቀበትና ሞተ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ሞቃዲሾ ሊቀመጥ አልቻለም። በጀልባ ተሳፍረው ወደ ኬንያ ሄዱ። ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ሰው ጭና ነበር። በመንገድ ላይ የሞቱም ነበሩ። ከኬንያ ቆይተው በስደተኛነት እንግሊዝ አገር ገቡ። በዚህ ሁሉ መሀል የልደት ወረቀት የሚይዝ የለምና ራምላ የተወለደችበትን ትክክለኛ ቀን አታውቀውም። ይህንንም እሷ ራሷ ለጋዜጠኞች ተናግራለች።

ለንደን ትምህርት ቤት ስትገባ ልጅቷ ወፍራም ነበረች። ልጆቹ በውፍረቷ ይቀልዱባት፣ ያበሽቋትም ነበር። ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ ብላ ስፖርት ቤት መሄድ ጀመረች። እዚያ ከሚሰጠው ትምህርት አንዱ ቦክስ ነበር። አንድ ጊዜ ሞከረችው፤ ወደደችው፤ አልተወችውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናብራራ። በየከተማው ቪዲዮ ቤት በሚታየው ፊልም ውስጥ በእጅም በእግርም የሚማቱት ስፖርት ኪክ ቦክሲንግ ይባላል። እሱ በ1960ዎቹ በጃፓን ከካራቴና ከታይላንድ ቦክስ ተዳቅሎ የወጣ ነው። ቦክስ ግን በእጅ ብቻ ነው። እግር ለመቆምና ለመሸሽ እንጂ ለመምታት አይፈቀድም። ከወገብ በታችና ከጀርባ መምታትም ክልክል ነው። ራምላ የተማረችው ይህንን ነው።

ታዲያ ለቤተሰቧ አልተናገረችም። ልምምድ ስትሄድ «ልሮጥ ነው» ብላ ትወጣ ነበር። እንዴት ትናገር? በእነሱ ቤት ሴት ልጅ ያውም ሙስሊም፣ አጭር ልብስ ለብሳ በሰው ፊት ቡጢ መሰናዘሯ የማይታሰብ ነገር ነው። ነገሩ በሶማሌ ቤት ብቻም አልነበረም። እንግሊዞቹ ራሳቸው ሴቶች በአማተር ቦክስ እንዳይወዳደሩ የከለከሉትን ያነሡት በ1996 ነው። የሴቶች ቦክስ ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው ደግሞ በ2012 ነው። የሴት ቡጢ ለሰለጠነው ለለንደን ሰውም ቢሆን የትናንት ነገር ነው ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት ተደብቃ ዓመታት ተለማመደች። ትምህርቷንም አልተወችም፤ በሕግ ተመርቃለች። በ2016 የእንግሊዝን ሻምፒዮና አሸነፈች። ይህን ሻምፒዮና ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሴት እሷ ናት። በዚያው ዓመት የታላቋ ብሪታንያን ሻምፒዮና ጨመረችበት። ዋንጫ ይዞ ቤት ገብቶ መደበቅ እንዴት ያለ ኑሮ ነው! ሰው ሲያሸንፍ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እናቱ ነው። እሷ ግን ዋንጫውንም ደስታውንም ውጭ ትታ መግባት ነበረባት።

የተደበቀ ነገር መውጣቱ አይቀርም፤ ወጣ። አንድ ግጥሚያዋ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ወንድሟ ቤት ቁጭ ብሎ አያት። ነገሩ ለቤተሰቡ ተነገረ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ተይ» አላት። እሷም እሺ ብላ ለጊዜው አቆመች።

እኛ በእናቷ አንፈርድም። ወንድ ልጃቸውን በጥይት ያጡ፣ የቀሩትን ልጆች ይዘው ባሕር ያቋረጡ ሴት ናቸው። ያተረፏት ልጅ ለመመታት ብላ መድረክ ላይ ስትወጣ ምን ይበሉ? ደግሞም ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ጭንቅላት በቡጢ ብዛት እንደሚጎዳ ሐኪሞች ከ1928 ጀምሮ ሲጽፉ ኖረዋል። የቡጢው ጉዳት ያን ዕለት ባይታይ ከዓመታት በኋላ ይታያል። አንደበት ይጎተታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይረሳል። ሁሉም ቦክሰኛ ይህ ይደርስበታል ማለታችን አይደለም። ግን የዚህ ሙያ ዋጋ ይህ መሆኑን ሳይናገሩ ዋንጫውን ብቻ ማውራት ውሸት ይሆናል።

ራምላ ያለ ቦክስ መኖር አልቻለችምና ተመልሳ ገባች። በዚህ ጊዜ ባሏ ሪቻርድ ሙር አሰልጣኟም ማናጀሯም ሆኖ አብሯት ነበር። ማናጀር ማለት የቦክሰኛውን ውል፣ ገንዘብና ቀጠሮ የሚከታተል ሰው ነው። ከዚያም አንድ ከባድ ውሳኔ ወሰነች። ለብሪታንያ መግጠም ስትችል ለተወለደችበት ለሶማሊያ እገጥማለሁ አለች።

ይህን ማለት ቀላል ነው። አንድ ቦክሰኛ ለአገሩ የሚገጥመው በአገሩ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ፌዴሬሽን ማለት ስፖርቱን የሚመራ፣ ተወዳዳሪውን የሚያስመዘግብ ማኅበር ነው። በዚያን ጊዜ በሶማሊያ ይህን የሚያደርግ የቦክስ ፌዴሬሽን አልነበረም። ያለ ፌዴሬሽን ቡጢ ምን ያደርጋል? ማንም አይመዘግብህም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ፌዴሬሽኑ እንዲቋቋም ረዱ። ባንዲራ ከመያዝ በፊት ማኅተምና ደብዳቤ መያዝ ነበረባቸው። ሌላው ቦክሰኛ መንግሥቱ የሚያዘጋጅለትን እነሱ ራሳቸው አዘጋጁ። በመጨረሻ በ2018 ኒው ዴልሂ፣ ሕንድ አገር በተደረገው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ራምላ በሶማሊያ ስም መድረክ ላይ ወጣች። ከዚያ በፊት በዚያ ውድድር ሶማሊያን ወክላ የገጠመች ሴት አልነበረችም። በ2019 ደግሞ በአፍሪካ ዞን ውድድር ወርቅ አገኘች።

እናቷስ? የልጃቸው ስም ከአገራቸው ስም ጋር ሲጠራ ሰሙ። ቀስ በቀስም ልባቸው ተመለሰ። ያ ሁሉ መደበቅ እዚያ ላይ አበቃ።

የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2020 መደረግ ሲገባው በኮሮና ምክንያት በ2021 ተደረገ። ከሶማሊያ የሄዱት ተወዳዳሪዎች 2 ብቻ ነበሩ፤ ሯጩ አሊ ኢዶው ሐሰንና ራምላ። በመክፈቻው ዕለት ሰማያዊዋን ባለ ነጭ ኮከብ ባንዲራ ሁለቱ ይዘው ገቡ። በኦሊምፒክ ሶማሊያን ወክሎ ቦክስ የገጠመ ከእሷ በፊት አልነበረም። ግጥሚያው ግን አልቀናትም። የሩማንያዋ ክላውዲያ ነኪታ በመጀመሪያው ግጥሚያ 5 ለ 0 አሸነፈቻት። 5ቱም ዳኞች ለሩማንያዋ ፈረዱ ማለት ነው።

አሁን ወደ እንጀራው ጉዳይ እንምጣ። ቦክሰኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ አማተርና ፕሮፌሽናል። አማተር የሚገጥመው ለሜዳሊያ ነው። ፕሮፌሽናል ግን በውል፣ ለክፍያ ይገጥማል። ራምላ ከቶኪዮ በፊት ጥቅምት 31 ቀን 2020 ዌምብሌይ፣ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ግጥሚያዋን አድርጋ ኤቫ ሁብማየርን በነጥብ አሸንፋ ነበር። ከኦሊምፒክ በኋላ ሙሉ ጊዜዋን ለዚሁ ሰጠች። ለልምምድም ወደ አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ሄደች።

የፕሮፌሽናል ኑሮ በፊልም እንደሚታየው አይደለም። ግጥሚያው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ዝግጅቱ ግን ሳምንታት ይፈጃል። በግጥሚያው ዋዜማ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። የራምላ ምድብ ከ55 ኪሎ ከ300 ግራም በላይ አይፈቅድም። ከግማሽ ኩንታል እህል ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። አንድ ሁለት መቶ ግራም ካለፈች ግጥሚያውም ገንዘቡም ሊያመልጣት ይችላል። ስለዚህ ሌላው ሰው በምግብ ሲጠግብ እሷ እየመዘነች ትበላለች። በሴቶች ግጥሚያ አንዱ ዙር 2 ደቂቃ ነው፤ ትልቁ ግጥሚያ 10 ዙር ይሄዳል። ከተከፈላት ላይ ደግሞ አሰልጣኝ ድርሻውን ያነሣል፣ ማናጀርና ግብርም አሉ። ብዙ ቦክሰኛ ከቡጢ በሚያገኘው ብቻ አይኖርም፤ ሌላ ሥራ ይይዛል። ራምላም የልብስና የጌጥ ማስታወቂያ ትሠራ ነበር። በ2019 ቮግ የተባለው የእንግሊዞች መጽሔት ሽፋን ላይ ከሌሎች ታዋቂ ሴቶች ጋር ፎቶግራፏ ወጥቷል። በ2018 ደግሞ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ነጻ የቦክስ ትምህርት ለንደን ውስጥ ጀምራለች። ወንድ ባለበት መለማመድ የማይሆንላቸው ሙስሊም ሴቶችና በቤታቸው ድብደባ የደረሰባቸው ሴቶች እዚያ ይማሩ ነበር። እሷ ራሷ ተደብቃ የተማረችውን ለእነሱ በግልጽ አስተማረች።

ነሐሴ 20 ቀን 2022 ጅዳ ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ጅዳን የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? ሐጅ የሚሄደው በዚያ ያልፋል። ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ እህቶቻችንም ብዙ ናቸው። በሳዑዲ ዓረቢያ ሴቶች መኪና እንዲነዱ የተፈቀደው በ2018 ነው። ስታዲየም ገብተው ኳስ እንዲያዩ የተፈቀደውም በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ በዚያች ከተማ ሴቶች ለክፍያ ቦክስ ሲገጥሙ ያን ምሽት የመጀመሪያው ነበር። የገጠሙትም ራምላና የዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ክርስታል ጋርሲያ ኖቫ ናቸው። ራምላ ገና በመጀመሪያው ዙር በዝረራ አሸነፈቻት። በዝረራ ማለት ተመትቶ የወደቀው ዳኛው እስከ 10 ቆጥሮ ሳይነሣ ሲቀር ወይም ዳኛው መቀጠል አይችልም ብሎ ሲያስቆም ነው።

በየካቲት 2023 ኒው ዮርክ ላይ አቭሪል ማቲን በነጥብ አሸንፋ የአህጉራት አቀፍ ቀበቶ አገኘች። በቦክስ ዋንጫ ማለት ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ነው። እስከዚያ ድረስ 8 ጊዜ ገጥማ 8ቱንም አሸንፋለች። ቀጥሎ የዓለም ሻምፒዮንነት ነው ተባለ።

ቦክስ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። ሰኔ 10 ቀን 2023 ኒው ኦርሊንስ፣ አሜሪካ አገር ሁሊሳ ጉዝማን ከተባለች የሜክሲኮ ቦክሰኛ ጋር ገጠመች። ግጥሚያው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ በ8ኛው ዙር፣ ራምላ በዝረራ ወደቀች። ቀበቶው ሄደ። በዝረራ የወደቀ ቦክሰኛ ሐኪም ሳያየው ወደ ልምምድ አይመለስም። እናቷ ከመጀመሪያው የፈሩት ያንን ምሽት ነበር።

ከዚህ በኋላ ቦክሰኛው የሚያደርገው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በቃኝ ይላል፣ ወይ ቀለል ያለ ተጋጣሚ ፈልጎ ቀስ ብሎ ይመለሳል። አዋቂ ማናጀርም ብዙ ጊዜ የሚመክረው ሁለተኛውን ነው። ራምላ ግን የፈለገችው ያችኑ ሴት ነበር። እንደ እኛ ሐሳብ ይህ ከጅዳውም ምሽት ይበልጣል። ጅዳ ላይ የምትፈራው ሰው አልነበረም፤ ይህችኛዋ ግን አንድ ጊዜ ጥላታለች።

5 ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 4 ቀን 2023፣ ሞንቴ ካርሎ ላይ እንደገና ተገናኙ። 8ኛው ዙር መጣ፤ አለፈ። 9ኛውም አለፈ። 10ኛው ሲያልቅ ሁለቱም በእግራቸው ቆመው ነበር። ዳኞቹ ነጥባቸውን ደመሩ። 3ቱም ለራምላ ፈረዱ።