የግዴታ የሚና ወረፋ በቡድን የኮምፒዩተር ጨዋታ



እኛ በቂርያት ጋት የምንማር ተማሪዎች ነን። ልጆቻችሁ ማታ ማታ በኮምፒዩተር ምን እንደሚጫወቱና ለምን እንደሚቆጡ ብዙ ጊዜ ትጠይቁናላችሁ። መልሳችን አጭር ስለሚሆን አትረኩም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በቡድን ከሚደረጉ የተኩስ ጨዋታዎች አንዱን ሕግ ልናስረዳችሁ ወደድን። ሕጉ የሚና ወረፋ ይባላል። ጠብ ለማብረድ የወጣ ሕግ ነው፤ ግዴታ ሲሆን ግን ጉዳትም አለው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌ የምናደርገው ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2016 ያወጣውን ኦቨርዋች የተባለ ጨዋታ ነው። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ 6 ሰዎች ከ6 ሰዎች ጋር በኢንተርኔት ይጋጠሙ ነበር። ብዙውን ጊዜ ተጫዋቾቹ አይተዋወቁም። ሥራቸው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከፊት ቆሞ ጥይቱን የሚቀበል ነው፤ እኛ ጋሻ እንበለው። ሁለተኛው አጥቂ ነው። ሦስተኛው የቆሰሉትን የሚያክም ደጋፊ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም የፈለገውን መምረጥ ይችል ነበር። ነገር ግን ብዙ ሰው አጥቂ መሆን ይወዳል። ጋሻ የሚሆን ሲጠፋ «አንተ ሁን፣ አንቺ ሁኚ» እየተባባሉ መጣላት ተለመደ። በትልልቅ ውድድሮች ደግሞ በተቃራኒው 3 ጋሻና 3 ደጋፊ ይዘው ያለ አጥቂ የሚገቡ ቡድኖች በዙ፤ ተመልካቹም ሰለቸው። በዚህ ምክንያት ኩባንያው በ2019 አዲስ ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ቡድን 2 ጋሻ፣ 2 አጥቂና 2 ደጋፊ እንዲኖረው ተደረገ። ተጫዋቹ ሚናውን አስቀድሞ ይመርጣል፣ በዚያ ሚና ወረፋ ይጠብቃል፣ ግጥሚያው እስኪያልቅም ወደ ሌላ ሚና መዛወር አይችልም። እውነቱን ለመናገር በሚና ምርጫ መጣላት በዚህ ቀርቷል። ጉዳቶቹ ግን የሚከተሉት ናቸው።

በመጀመሪያ ደረጃ መጠበቁ ይረዝማል። ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 100 ሰዎች ወረፋ ላይ ናቸው እንበል። 60ዎቹ አጥቂ፣ 25ቱ ደጋፊ፣ 15ቱ ጋሻ መሆን ይፈልጋሉ። በ2019ኙ ሕግ አንድ ግጥሚያ ከሁለቱም ወገን 4 ጋሻ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ በ15 ጋሻ ከ3 ግጥሚያ በላይ ሊጀመር አይችልም። 36 ሰዎች ይጫወታሉ፣ 64ቱ ይጠብቃሉ፤ ከሚጠብቁት ውስጥ 48ቱ አጥቂዎች ናቸው። ግዴታው ባይኖር 8 ግጥሚያ ተጀምሮ የሚጠብቁት 4 ሰዎች ብቻ በሆኑ ነበር። ሐኪም ቤት ውስጥ የአንዱ ሐኪም በር ባዶ ሆኖ የሌላው በር በሰው እንደሚጨናነቅ ማለት ነው። በየካቲት 2020 ኩባንያው ራሱ ይህን ወረፋ ለማሳጠር 1 ጋሻ፣ 3 አጥቂና 2 ደጋፊ አድርጎ ሞክሮ ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ ቡድን ሲቸገር መረዳዳት አይቻልም። ደጋፊው አልችል ቢል ከአጥቂዎቹ አንዱ ሥራውን ልቀበለው ቢል እንኳ ጨዋታው አይፈቅድለትም። ወላጆቻችን ስለ ደቦ የነገሩን ግን ሌላ ነው። በደቦ አጨዳ አንዱ ሰው ወደ ኋላ ቢቀር ጎረቤቱ የራሱን ጨርሶ ይደርስለታል እንጂ «የእኔ ድርሻ አይደለም» ብሎ አይቆምም።

በሦስተኛ ደረጃ ወቀሳው አልቀረም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ። በፊት «ለምን ጋሻ አልሆንክም?» ይባል ነበር። ከሕጉ በኋላ «ጋሻችን ደካማ ነው፣ በእሱ ተሸነፍን» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2022 ኦቨርዋች 2 ሲወጣ ቡድኑ 5 ሰው ሆነና ጋሻው 1 ብቻ ቀረ። ወረፋውን ቢያቀልም ሸክሙ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

በአራተኛ ደረጃ ጓደኛሞች አብረው መጫወት ይቸግራቸዋል። ሦስት ጓደኛሞች ሦስቱም አጥቂ መሆን ቢወዱ የተፈቀደው ሁለት ስለሆነ አንዱ ያልወደደውን ይይዛል ወይም ይቀራል።

ታዲያ ሕጉ ይጥፋ ማለታችን ነውን? አይደለም። በታኅሣሥ 2024 የወጣው ማርቭል ራይቫልስ የተባለ ጨዋታ 6 ለ6 ሆኖ የሚና ግዴታ አልነበረውም፤ ወዲያውም አጥቂ በዛ የሚለው የድሮ ጠብ ተነሣ። ለእኛ የተሻለ የመሰለን መካከለኛው መንገድ ነው። ኦቨርዋች በ2020 ያለ ግዴታ የሚደረግ የውድድር ወረፋ ጨምሯል። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ በ6 ሰው ቡድን ከእያንዳንዱ ሚና ቢያንስ 1፣ ቢበዛ 3 እንዲሆን ሞክሯል። እንዲህ ሲሆን ምንም ሚና ባዶ አይቀርም፣ የተቸገረውንም መርዳት ይቻላል።

ይህ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? ልጃችሁ ለእራት ተጠርቶ «ቆይ» ሲል «ወረፋ ላይ ነህ ወይስ ግጥሚያ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ወረፋ ላይ ከሆነ ማንንም ሳይጎዳ ወዲያው መውጣት ይችላል፤ ስለዚህ መነሣት አለበት። ግጥሚያ ላይ ከሆነ ግን ቢወጣ ጓደኞቹን ያጎድላል፣ ጨዋታውም ይቀጣዋል። በዚህ ጊዜ እስኪጨርስ ብትታገሡት፣ ሌላ ወረፋ ግን እንዳይጀምር ብትነግሩት ጠቡ ይቀንሳል ብለን እናምናለን። አንድ ሰዓት ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ልጅ ከዚያ ውስጥ ብዙውን ሲጠብቅ ቆይቶ ሊሆን እንደሚችልም እወቁልን።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሥራ መከፋፈል ጥሩ ነው፤ ድርሻ ግን ሰውን ከመረዳዳት የሚያግድ አጥር መሆን የለበትም። በደቦና በወንፈል ሥራው እንዴት ይከፋፈል እንደነበር፣ ሰነፍ ሲገኝስ ምን ይደረግ እንደነበር ብትነግሩን በሚቀጥለው ጽሑፋችን ደስ ብሎን እናቀርበዋለን።