ከቤተ መንግሥት ወደ ባዝ፦ የንጉሡ ቤተሰብ የስደት ኑሮ

ስለ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ስደት ሲነሣ ብዙዎቻችን ፊት የሚመጣው ጄኔቭ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር አዳራሽ፣ ካባ የደረቡት ንጉሥ፣ ንግግራቸውን ለማቋረጥ የሚያፏጩት የጣሊያን ጋዜጠኞች። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ግን ንጉሡ የቤተሰብ ኃላፊ ነበሩ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ አብረው የተሰደዱት ካህናትና አገልጋዮች ሁሉ መብላት፣ መሞቅና መማር ነበረባቸው።

መኖሪያቸው ፌርፊልድ የሚባል፣ በምዕራብ እንግሊዝ ባዝ ከተማ ዳርቻ ያለ ቤት ነበር። ንጉሡ የገዙት በ1929 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ባዝ ከጥንት ጀምሮ በፍል ውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ከፍል ውኃ ሰፈር ተነሥቶ ለሄደ የአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አትሆንም ማለት ነው! ቤቱ ሰፊ ነው፤ ቤተ መንግሥት ግን አይደለም። ለአበባ ተክል የተሠራውን የመስታወት ክፍል ጸሎት ቤት አደረጉት። ንጉሡ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን የጀመሩትም በባዝ ነው።

የገንዘቡ ነገር አስቸጋሪ ነበር። ከአገር ይዘው ከወጡት የብር ዕቃ ለንደን ውስጥ ለጨረታ የቀረበ አለ። ለኢትዮጵያ መንግሥት ይገባ የነበረን ገንዘብ ለማስከፈልም ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ከሰው በመጀመሪያው ችሎት ረትተው ነበር። ይግባኙ እየታየ ሳለ ግን የእንግሊዝ መንግሥት በኅዳር 1931 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ ተቀበለ፤ ፍርዱም ተገለበጠ። የአገር ጉዳይ የቤት ጉዳይ ሆነ ማለት ይሄ ነው።

እቴጌ መነንን የጎዳቸው ብርዱና እርጥበቱ ነው። አየሩ ለጤናቸው አልስማማ ስላለ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ከተጋቡ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው ባልና ሚስት አንዱ እንግሊዝ፣ አንዷ ኢየሩሳሌም ሆኑ። ዛሬ ባል በአንድ አገር፣ ሚስት በሌላ አገር ሆነው ትዳር የሚመሩ ስንት አሉ! ያንን ኑሮ የሚያውቅ ይህንንም ይረዳዋል።

ከሁሉ የከበደው መርዶ ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ሁለቱ የንጉሡ አማቾች፣ ራስ ደስታ ዳምጠውና ደጃዝማች በየነ መርዕድ፣ በጣሊያኖች እጅ ወድቀው ተገደሉ። የራስ ደስታ ባለቤት ልዕልት ተናኘወርቅ ስድስት ልጆች ይዘው በስደት ላይ እንዳሉ መበለት ሆኑ። የደጃዝማች በየነ ባለቤት ልዕልት ሮማነወርቅ ደግሞ ከነልጆቻቸው ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ። አባት በጠላት አገር ለታሰረች ልጃቸው የሚያደርጉላት ነገር አልነበራቸውም። ጥቅምት 1933 ዓ.ም. ቱሪን ከተማ ውስጥ ሞቱ፤ በዚያን ጊዜ ንጉሡ ሱዳን ገብተው አገራቸው ለመግባት እየተሰናዱ ነበር።

የታናሻቸው የልዕልት ፀሐይ ታሪክ ግን እኔን ከሁሉ ይስበኛል። አገልጋይ በሞላበት ግቢ ያደጉ የንጉሥ ልጅ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ለመማር ገቡ። ማንም እንደሚያውቀው የነርስ ትምህርት በደብተር ብቻ አያልቅም፤ የታመመ ሕፃን ማጠብ፣ አንሶላ መለወጥ፣ ሌሊቱን ቆሞ ማደር አለበት። ፀሐይ ጨርሰው በ1931 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሕፃናት ነርስነት ምስክር ወረቀታቸውን አገኙ፤ ቀጥለውም ጋይስ ወደተባለው ሆስፒታል ገቡ። ለፎቶግራፍ ብቻ ነጭ ጋውን የሚለብሱ የትልልቅ ሰዎች ልጆች በየዘመኑ አይጠፉም፤ እሳቸው ግን ሦስት ዓመት ያህል ቆዩበት።

አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሰው አብዬ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው በወለጋ ተሹመው ነበርና ነቀምት አብረው ሄዱ። እዚያም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ፤ ገና ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። የሌሎችን ሕፃናት ለማዳን የሠለጠኑት እናት የራሳቸውን ልጅ ለማሳደግ አልታደሉም።

በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ለተሠራው ሆስፒታል እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ከነበሩት ዋነኛዋ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። ያ ሆስፒታል በኋላ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ፌርፊልድን ደግሞ ንጉሡ በፈረንጆች 1958 ለባዝ ከተማ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን በስጦታ ሰጡት።