ባሮሎ እና የሰቆጣ ወይን ተክል

በሰሜን ኢጣሊያ በፒየሞንቴ ኮረብታዎች፣ ኔቢዮሎ ከተባለው የወይን ዘር የሚጠመቀው ባሮሎ ቀይ ወይን ጠጅ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚህም 18ቱን በእንጨት በርሜል ይቆያል። እዚያ ተክሉን የሚያሳርፈው የበረዶው ወራት ብርድ ነው፤ በእኛ አገር ግን የመግረዣ መቀስ ነው። ተክሉ ከተገረዘ በኋላ ያቆጠቁጣልና በሰቆጣ አካባቢ የመግረዣው ወር ሁሉን ይወስናል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የደረሰ ዘለላ ይሻግታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ተገርዞ በበጋ የሚደርሰው ደግሞ መስኖ ይፈልጋል። ውሃው በዋግ ኽምራ የእህልም የከብትም ነው! ስለዚህ ማኅበራት ሰፊ ማሳ እንዲይዙ አንመክርም። በጓሮ፣ ውሃ በሚቀርብበት ቦታ፣ ጥቂት ሐረግ ይበቃል፤ ፍሬ የሚጀምረውም በ3ኛው ዓመት ገደማ ነው። ዘለላው ደርቆ ዘቢብ ሲሆን አብያተ ክርስቲያናት ለቅዳሴ ይፈልጉታል።