አሮጌ የጀልባ ሞተር በጣና ላይ

ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተር ከላይ ሲሊንደሩን፣ ከታች ማርሹንና ፕሮፔለሩን የያዘ፣ ተፈትቶ በትከሻ ወደ ጥገና የሚወሰድ ዕቃ ነው። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። ጣና ሐይቅ ላይ ግን ዓሣ አጥማጁንና ገበያተኛውን ለዘመናት ያሻገረው የደንገል ታንኳ ነው። በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማስገር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ፣ በኔዘርላንድ ድጋፍ በተዘረጋ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ነው። ዛሬ ሞተሩ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማት የሚሄደውን ምእመንና ጎብኚም ያመላልሳል።

የጣና ውሃ ጨዋማ ስላልሆነ፣ እዚህ የሚሠራ ሞተር ባሕር ላይ እንደሚሠራው ቶሎ በዝገት አይበላም። አሮጌውን ማደስ የሚያዋጣውም ስለዚህ ነው። ሞተሩን የሚጎዱት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የጉማራ፣ የርብና የመገጭ ወንዞች በክረምት የሚያወርዱት ደለል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው የእምቦጭ አረም፣ የመረብ ክር እና በግምት የተደባለቀ ቤንዚን።

ለዓመታት የቆመ ሞተር ሲገኝ የማስነሻ ገመዱን ወዲያው መሳብ አይገባም። የፒስተኑ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ይሰበራል። ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ይፈስና ቢያንስ አንድ ሌሊት ይተዋል፤ ከዚያ ቮላኖው በእጅ ቀስ እየተባለ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ሲላቀቅ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካል። በሲሊንደሮቹ መካከል ጎላ ያለ ልዩነት ከታየ ፋሻው አልቋል ወይም ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ማለት ነው። ቀጥሎ እሳቱ ይታያል፦ ካንዴላው ከሽቦው ሳይለይ የሞተሩን ብረት እንዲነካ ተደርጎ ገመዱ ሲሳብ ጠንካራ ብልጭታ መስጠት አለበት። በመጨረሻም ካርቡሬተሩ ተፈታትቶ የደረቀ ቤንዚን የደፈናቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይጸዳሉ።

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው። ከታች ባለው እግር ውስጥ የምትዞር የጎማ ክንፍ ያላት ፓምፕ ውሃውን ስባ ወደ ሲሊንደሩ ዙሪያ ትልካለች፤ ጥቂቱ ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ ይፈሳል። ያ ፍሳሽ ከሳሳ ወይም ከቆመ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። መጀመሪያ መግቢያውን እምቦጭ ወይም ጭቃ እንዳልዘጋው ይታያል፤ መውጫውም በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል። ካልተስተካከለ እግሩ ተፈትቶ ጎማዋ ትመረመራለች። ደለል የፋቃት ወይም ክንፎቿ ተጣጥፈው የቀሩ ጎማ ትለወጣለች። ሞተሩን ያለ ውሃ ማስነሳት ይህችኑ ጎማ በአጭር ጊዜ ያቃጥላታል፤ ስለዚህ የብስ ላይ ሲሞከር እግሩ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ይነከራል።

የመረብ ክር በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ሲጠመጠም ዘይቱን የሚያግደውን ፓራዮሊዮ ይቆርጥና ውሃ ወደ ማርሹ ያስገባል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የታችኛው ብሎን ሲፈታ የሚወርደው ዘይት ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ፓራዮሊዮው ከተለወጠ በኋላ አዲሱ ዘይት ከታች ተገፍቶ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ይሞላል፤ ከላይ ቢፈስ ግን አየር ይታፈናል።

ብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ስለሆኑ ዘይታቸው ከቤንዚን ጋር ይደባለቃል። 50 ለ1 ለሚፈልግ ሞተር በ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ለሚፈልግ ደግሞ 400 ሚሊ ሊትር ይገባል። ሲያንስ ፒስተኑ ይነክሳል፤ ሲበዛ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። የመኪና ሞተር ዘይት የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይትን አይተካም።

ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አየሩም ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ 15 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር እዚህ የሚሰጠው 12 አካባቢ ነው፤ ቤንዚኑም ከአየሩ አንጻር ይበዛበታል። ደኅና ሞተር ጉልበት አነሰው ተብሎ ከመፈታቱ በፊት ይህ መታሰብ አለበት። መፍትሔው የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ማሳነስና በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር መግጠም ነው።

የሞተሩ ዋና አካል ከተሰነጠቀ ግን ማደሱ አያዋጣም፤ ደኅና የቀሩት ዕቃዎቹ ለሌላ ሞተር መለዋወጫ ይሆናሉ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን ከፊሉን ሳያቃጥል ወደ ውሃው ይለቃል፤ በትክክል የተደባለቀና በደንብ የተጠገነ ሞተር ይህን ጉዳት ይቀንሳል። የተቀዳው አሮጌ ዘይትም በጀሪካን ይጠራቀም እንጂ ወደ ሐይቁ አይደፋ።