ያውቁ ኖሯል? ለሚሊዮን ዓመት የሚታሰብለት ጉድጓድ

ጨረራ አመንጪ ዝቃጭ ከመሬት በታች ሲቀበር አደጋው እንዴት እንደሚመዘን የሚከተሉትን ያውቁ ኖሯል? (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

• ፕሉቶኒየም-239 ግማሹ እስኪከስም ብቻ 24,100 ዓመት ይፈጃል።

• አሜሪካ በኔቫዳ፣ በዩካ ተራራ ሥር ላሰበችው ማከማቻ መጀመሪያ የተጠየቀው የ10,000 ዓመት ደኅንነት ነበር። በ2004 ፍርድ ቤት ይህን የጊዜ ገደብ ውድቅ ሲያደርገው፣ አዲሱ ደንብ ስሌቱን እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ወሰደው።

• ገምጋሚዎች አጥብቀው የሚፈሩት ውሃን ነው። መያዣውን የሚበላው፣ ዝቃጩን አሟሙቶ በአለት ስንጥቅ ወደ ሰው መጠጥ የሚያደርሰው እሱ ነውና።

• በፊንላንዱ የኦንካሎ ማከማቻ ዝቃጩ የሚያርፈው ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ አለት ውስጥ ነው። ያገለገለው የኑክሌር ነዳጅ በብረት መያዣ ይገባል፤ ብረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ይለብሳል፤ በመዳቡ ዙሪያ ቤንቶናይት የተባለ ሸክላ ይጠቀጠቃል። ሸክላው ውሃ ሲነካው አብጦ ክፍተቱን ይደፍናል። ወደፊት በሚመጣ የበረዶ ዘመን ግግሩ በአለቱ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ሳይቀር በስሌቱ ይገባል።

• ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን አድርጋዋለች። በጋቦን፣ ኦክሎ በተባለ ሥፍራ፣ ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዩራኒየም ከመሬት በታች በራሱ ጊዜ የኑክሌር ምላሽ ጀምሮ ነበር። በ1972 ፈረንሳውያን ደርሰውበት ሲመረመር፣ የተፈጠረው ፕሉቶኒየም ከቦታው እምብዛም አልራቀም።

• በኒው ሜክሲኮ፣ ካርልስባድ አቅራቢያ፣ 655 ሜትር ጥልቀት ላይ በጨው ውስጥ የተቆፈረ ማከማቻ አለ። ደንቡ የሰው ጥበቃ ከ100 ዓመት በላይ ይዘልቃል ተብሎ እንዳይታሰብ ይከለክላል። ከዚያ በኋላ ነዳጅ ዘይት ፈላጊ ሳያውቅ ቢቆፍረውስ ተብሎ ይሰላል።

• በ2014 ግን አደጋው በዚሁ የኒው ሜክሲኮ ማከማቻ ከነበረ የዝቃጭ በርሜል ውስጥ መጣ። ፈሳሹን እንዲመጥ የተጨመረው፣ ለድመት መጸዳጃ የሚነሰነሰው መምጠጫ፣ ከማዕድን ሳይሆን ከስንዴ የተሠራ ነበር። ከናይትሬት ጨው ጋር ተገናኝቶ ጋለ፣ በርሜሉ ተከፈተ፣ ጨረራ አመለጠ። ማከማቻው 3 ዓመት ገደማ ዝቃጭ አልተቀበለም።

• ጀርመን ከ1967 እስከ 1978 ድረስ 126,000 ያህል በርሜሎችን በአሮጌው የአሴ ጨው ማውጫ አስቀመጠች። ውሃ ሰርጎ በመግባቱ፣ በ2013 በርሜሎቹ ተመልሰው እንዲወጡ በሕግ ተደነገገ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዝቃጩን የሚቀብር አገር ስለ ውሃው፣ ስለ አለቱም፣ በርሜሉን ስለሚሞላው እጅም አስቀድሞ ይመርምር። ከዛሬው መብራት ያልተጠቀመ ትውልድ ዕዳውን ሊከፍል አይገባም።