ዝገት የበላው የውጅግራ አፈሙዝ

ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው ነው። በ1888 ዓ.ም. በተካሄደው የዓድዋ ጦርነት ኢትዮጵያውያን ከተዋጉባቸው መሣሪያዎችም አንዱ ነበር።

የውጅግራ ጥይት የሚተኮሰው በጥቁር ባሩድ ነው። ባሩዱ ሲነድ ጨዋማ ጥቀርሻ ይተዋል፤ ጥቀርሻውም የአየሩን እርጥበት እየሳበ ብረቱን ለዝገት ይዳርገዋል። ተኳሹ አፈሙዙን በውሃ አጥቦና አድርቆ ዘይት ካልቀባው፣ ዝገቱ የውስጡን ብረት ይቦረቡራል፤ ጥይቱን እያሽከረከሩ የሚያወጡትን ጠምዛዛ ቦዮችም ያጠፋል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን አፈሙዝ ማደስ ይቻላልን? ባለሙያው በመጀመሪያ ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን ያረጋግጣል። ቀጥሎም አፈሙዙን በዘይት ያርሰዋል። ዝገቱ ሲላላ በነሐስ ብሩሽ በቀስታ ይፈገፍገዋል፤ ነሐስ ከብረት ስለሚለሰልስ አይጭረውም። በመጨረሻም በጨርቅ ወልውሎ ዘይት በስሱ ይቀባዋል።

ልብ በሉ! ይህ ሥራ ዝገቱን ይገታል እንጂ የተበላውን ብረት አይመልስም። ጉድጓዶቹ እስኪጠፉ ድረስ ብረቱን መፋቅ የቀረውን ያሳሳዋል፤ ከውጭ ሲሆንም የሠሪውን ምልክትና ቁጥር ይደመስሳል። ውስጡን ሰርስሮ አዲስ ቱቦ ማስገባት ጠመንጃውን እንደገና ሊያስተኩሰው ይችላል፤ ነገር ግን የጥንቱ የአፈሙዝ ውስጥ ከዚያ በኋላ የለም።

ስለዚህ «ማደስ» እና «መጠበቅ» የሚሉትን ቃላት ለዩ። የሚታደስ ነገር አዲስ ይመስላል፤ የሚጠበቅ ቅርስ ግን ከነጠባሳው ለተተኪው ትውልድ ይደርሳል።