«መዝለል» ወይስ «መግደፍ»? ስለ አንድ የጡንቻ ሕክምና ስያሜ

መቂ ላይ አንዲት እናት የልጇ ጡንቻ ለምን እንደሚመነምን ብትጠይቅ፣ ሐኪሙ በምን ቃል ይመልስላታል? ዱሼን የተባለው በዘር የሚተላለፍ ጡንቻ አመንማኝ በሽታ በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ያጠቃል፤ መንስኤውም የዲስትሮፊን ዘረመል ጉድለት ነው። ዘረመሉ 79 ኤክሶኖች፣ ይኸውም ፕሮቲን የሚሠራበትን መልእክት የሚያስገኙ ክፍሎች አሉት። መልእክቱ ሦስት ሦስት ፊደል እየተቆጠረ ስለሚነበብ፣ የጎደሉት ፊደላት ብዛት ለሦስት ካልተካፈለ ቀጣዩ ንባብ ሁሉ ይፋለሳል። መድኃኒቱ ተጨማሪ ኤክሶን እንዲታለፍ በማድረግ ንባቡን ያቃናል፤ ያጠረ ቢሆንም ሊሠራ የሚችል ዲስትሮፊን ይገኛል።

ይህን «መግደፍ» ብንለው፣ ግድፈት የጸሐፊ ስሕተት ስለሆነ፣ ታስቦ የተደረገው እንደ ጥፋት ይቆጠራል። አንባቢ መስመር ይዘላልና «ኤክሶን መዝለል» ይሻላል። «አንቲሴንስ»ንም «ፀረ ትርጉም» ማለት ያሳስታል፤ መድኃኒቱ ከመልእክቱ ፊደላት ጋር ይጣመራል እንጂ ትርጉምን አይቃወምም። ስለዚህ «ተጣማሪ ቅንጣት» ቢባል ይስማማል።

«ፈውስ» ማለት ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤቴፕሊርሰን ኤክሶን 51 እንዲዘለል የሚያደርግ ሲሆን፣ የሚያገለግለው ከ100 ሕሙማን ለ13 ያህሉ ነው፤ በጊዜው በቀረበው ጥናት ያስገኘው ዲስትሮፊንም በአማካይ ከጤነኛው መጠን 1 በመቶ አልሞላም። ስለሆነም ተመራማሪዎች ቅንጣቱን ወደ ጡንቻ ከሚያስገባ ፔፕታይድ ጋር በማያያዝ ውጤቱን ለማሻሻል ይጥራሉ።

እንግዲህ የመቂው ሐኪም፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ሲያስረዳ፣ «በሽታውን የሚያዘገይ ሕክምና እየተፈለገ ነው» ይበል። ስያሜ ከመድኃኒቱ አቅም በላይ ተስፋ ሊሰጥ አይገባምና።